ኡዘይር ለማን ነው የሚያቀብለው?

ነገሩ የጀመረው ልዑልቃል ከተቀበረ በኋላ ክለቡ በሜዳው ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ነው። ኪዳነ ማርያም ከዋናው አሠልጣኝ ጎን በተቀያሪዎች ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጎንደር ላይ የአንገረብ እግር ኳስ ክለብ ምክትል አሠልጣኝ ነው። አንድ ልጁን ልዑልቃልን ነሐሴ ላይ አጥቶ አሁን ኅዳር ገብቷል። ሰው ሁሉ "ትንሽ ቤትህ ተቀመጥ፣ ራስህን አረጋጋ" ቢለውም፣ ቤት መቀመጡ ስለባሰበት ወደ ሜዳ ተመልሷል።

ኡዘይር መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ተቀበለ። ኡዘይር የቡድኑ አማካይ ነው፤ ጨዋታው የሚነሣውም የሚወድቀውም በእሱ እግር ነው። ጀርባውን ለተጋጣሚው ሰጥቶ አንዴ ዞረና፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ረጅም ኳስ ወደ ቀኝ ጥግ ሰደደ። ኳሷ በተከላካዩ ራስ ላይ አልፋ ሣሩ ላይ አንዴ ነጠረችና ለሚሮጥ ሰው እንደምትመች ሆና ቀስ አለች። የሚሮጥ ሰው ግን አልነበረም። አዲሱ የቀኝ መስመር ተጫዋች ፋንታሁን ኳስ እግሩ ሥር እንዲመጣለት የሚወድ ልጅ ስለሆነ ወደ መሐል ገብቶ ቆሟል። ኳሷ ብቻዋን ተንከባላ ተንከባላ ወጣች።

ተመልካቹ "ኧረ ተው!" እያለ አጉረመረመ። ዋናው አሠልጣኝ አላምረው እጁን አወናጨፈ። ኪዳነ ማርያምን ግን ከአንገቱ እስከ ወገቡ በረደው። ያቺን ኳስ ያውቃታል። ልጆቹ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ከነበሩበት ጊዜ አንሥቶ ስትመታ አይቷታል። እንደዚያ ነጥራ ቀስ ስትል ሊደርስባት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው አሁን ከአፈር በታች ነው።

ኪዳነ ማርያም የመሪጌታ ልጅ ነው። አባቱ ከከተማው አድባራት በአንዱ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ልጃቸውም ወንበራቸውን እንዲወርስ ተመኝተው ነበር። ልጁም ዜማውን ጠልቶ አይደለም፤ ድምፁ ሸጋ ነበር። አልቀመጥ ያለው እግሩ ነው። ጉባኤው ሳይበተን ሹልክ እያለ ወደ ሜዳ ይወርዳል። መሪጌታ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ልጄን እግሩ ወሰደው" ይሉ ነበር፤ ጠያቂው ሩቅ አገር የሄደ ልጅ ያላቸው ይመስለው ነበር። ኪዳነ ማርያም ለከተማው ቡድን ተጫወተ፤ ስሙ መነሣት ሲጀምር ጉልበቱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ታዳጊዎችን ሲያሠለጥን ፀጉሩ ሸበተ።

ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ተጫዋች ሲሳሳት አይጮህም፤ ጠርቶ "ምን አይተህ ነው?" ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ያየውን ከተናገረ አይቆጣም። ሳያይ ከመታ ግን ያዝንበታል።

ከሸዋአየሁ ጋር ከተጋቡ በኋላ ልጅ ዘግይቶባቸው ነበር። ልዑልቃል የመጣው ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው፣ ማራኪ ላይ የሠሩትን ቤት የኋላ ክፍሎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማከራየት በጀመሩበት ጊዜ ነው። ስሙን ያወጡለት መሪጌታ ናቸው። ሲያድግ እንደ አባቱ ኳስ የሚያባብል እግር አልነበረውም፤ ሩጫ ግን ነበረው። ሲሮጥ ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ የሚስቅ እየመሰለ ነበር።

ኡዘይር የአዲስ ዓለም ልጅ ነው። አባቱ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ። ሁለቱ ልጆች ኪዳነ ማርያም በሚያሠለጥነው ታዳጊ ቡድን ውስጥ ተገናኝተው ከዚያ ወዲያ አልተለያዩም። ሸዋአየሁ በሥጋ ነገር ልጁን እንዳታስቸግረው ስለምትጠነቀቅ፣ ቤቷ ስትጠራው ረቡዕና ዓርብ መርጣ ነበር። "የጾም ቀን የሁላችንም ነው" ትላለች። ልጁም ሽሮውንና ምስሩን ጠርጎ፣ "እትዬ ሸዋአየሁ፣ እኛ ቤት ረቡዕ የለም እንዴ እላቸዋለሁ" እያለ ያስቃት ነበር።

ሁለቱም ባንድ ዓመት ወደ ዋናው ቡድን አደጉ። ያ የመጀመሪያ ዓመታቸው የኡዘይር ዓመት ነበር። ከኋላው ዓይን አለው ተባለ። የደጋፊዎች ገጾች ፎቶውን ለጠፉት፤ ባጃጅ ነጂዎች ስሙን ከመስታወታቸው ላይ ጻፉት። እሱ ያቀብላል፤ ልዑልቃል ሮጦ ይደርሳል፤ ከዚያ ኳሷ ወደ ግብ ትሻገራለች። ያ ዓመት እንዲህ አለፈ።

በክረምቱ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከከተማው ልጆች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ሊጫወቱ ሄዱ። ሲመለሱ ኮሶዬ አጠገብ መንገዱን ጉም ሸፈነውና ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ ገደል ገባ። ከሞቱት አንዱ ልዑልቃል ነበር። ኡዘይር መኪናው ውስጥ አልነበረም። አምባ ጊዮርጊስ ያለችው አክስቱ "ሳትበላ አትሄድም" ብላ ይዛ አስቀርታው ነበር። ልዑልቃል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ብላልኝ!" ብሎት ነው የሄደው። ኡዘይር በቀብሩ ቀን እንባ አልወጣውም። በአርባው ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ለእንግዳ እጅ ውሃ ሲያስታጥብ ዋለ። ከዚያ በኋላ ያን ቤት አልረገጠም።

ያቺ ኳስ ደግሞ በሁለተኛው ጨዋታ መጣች። በሦስተኛውም መጣች። አንዳንድ ቀን አንዴ፣ አንዳንድ ቀን ሁለቴ፣ ኡዘይር ማንም ሳያስጨንቀው፣ ከፊት ለፊቱ ባዶ የቆመ ጓደኛ እያለው፣ ወደ ቀኝ ጥግ ይልካታል። ፋንታሁን ሮጦ ሊደርስባት ሞክሮ ሞክሮ ሰለቸው፤ እጁን ዘርግቶ "ለማን ነው?" እያለ ይጠይቀዋል። ኡዘይር አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያምና ደጋፊዎች ማፏጨት ጀመሩ። "አንድ ዓመት አብርቶ የጠፋ ኩራዝ" አለው አንዱ፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

ኪዳነ ማርያም በመጀመሪያ ፈራ። በኋላ ግን፣ ይህን ለንስሐ አባቱም አልተናገረም፣ መጠበቅ ጀመረ። ያን ጥግ በደንብ ለማየት ሲል ከወንበሩ ጫፍ ላይ መቀመጥ ለመደ። ኡዘይር ጀርባውን ሰጥቶ መዞር ሲጀምር የኪዳነ ማርያም ልብ ቀድሞ ወደዚያ ይሮጣል። ኳሷ ትወጣለች፣ ትነጥራለች፣ ቀስ ትላለች። በዚያች ቀስ በምትልባት ቅጽበት ልዑልቃል አለ። አይታይም፤ ግን ኳሷ እሱን ትጠብቃለች፤ የሚጠበቅ ሰው ደግሞ የሞተ ሰው አይደለም። ጥር ላይ ነፋስ በበዛበት አንድ ቀን፣ ሣሩ ከመሐል እስከ ጥጉ ድረስ በቀጭን መስመር ሲተኛ ያየ መሰለው። ዓይኑን አሸት አድርጎ ሲያይ ነፋሱ ሁሉንም ሣር አስተኝቶታል። ያም ሆኖ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱ ቀለለው። ቡድኑ ተሸንፎ ነበር።

ግንቦት ሲገባ አላምረው ቢሮው ጠራው። አላምረው በዚያው ዓመት ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ቅን ሰው ነው፤ ቀጥተኛ ነገር ይወዳል።

"ስለ ኡዘይር ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አለብን" አለው። "ውሉ እያለቀ ነው። እናድሰው ወይስ እናሰናብተው?"

"አንተ ምን ታያለህ?" አለ ኪዳነ ማርያም።

"በሁለተኛው ዓመት የሚጠፋ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ማንም አያውቅህም፤ በሁለተኛው ሁሉም አውቆህ ይጠብቅሃል። የዚህ ልጅ ግን እንዲያ አይደለም። ተከላካይ አይደለም የሚያስቸግረው። ማንም ሳይነካው ለባዶ ቦታ ይሰጣል። ሰንፎ ነው እንዳልል በልምምድ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። እኔ ያምናውን አላየሁም። አንተ ከልጅነቱ ታውቀዋለህ። የሁለቱን ዓመት ጨዋታ ከቪዲዮ አስተያይተህ ትክክለኛውን ንገረኝ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያምናው ቪዲዮ ላይ… የሚከብድህ ከሆነ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

"አይ፣ እኔ አየዋለሁ" አለ ኪዳነ ማርያም። ከማንም እጅ እንዲገባ አልፈለገም።

ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ገባ። መጀመሪያ የዘንድሮውን ጨዋታዎች ማየት ጀመረ፤ ያምናውን የሚያዘገይበት ምክንያት ነበረው። ልጁ ከሞተ ወዲህ የሚንቀሳቀስ ምስሉን አላየም። ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ችሎታል፤ ፎቶ አይሮጥም።

የዘንድሮውን ሲያይ አሠልጣኝነቱ ቀስ እያለ ነቃ። ሜዳ ዳር ተቀምጦ ዓይኑን ከቀኝ ጥግ ሳይነቅል ያላየው ብዙ ነገር ነበር። ኡዘይር አምና ኳስ ሲቀማ ቆሞ ያይ ነበር፤ ዘንድሮ ተመልሶ ይነጥቃል። አምና በግራ እግሩ አይተማመንም ነበር፤ ዘንድሮ በግራ በኩል የሚልካቸው ኳሶች አጭርና ንጹሕ ናቸው። ሲገፉት አይወድቅም። ከፊቱ ሁለት ሰው ሲቆምበት አይደነግጥም። ያ በየጨዋታው አንዴ የሚመጣው ነገር ባይኖር፣ ይህ ልጅ ካምናው በብዙ የበለጠ ተጫዋች ነው። ሰው ግን ለአንድ ሰዓት ተኩል ካደረገው ነገር ሁሉ የሚያስታውሰው ያቺን ብቻዋን ተንከባላ የምትወጣዋን ኳስ ነው። ኪዳነ ማርያምም ከሰው አልተሻለም፤ እሱም ያቺን ብቻ ሲያይ ከርሟል።

በኋላ ግን ያምናውን መክፈት ግድ ሆነበት። ቅዳሜ ከረፋዱ ላይ ነበር። ሸዋአየሁ ጓዳ ናት፤ ተከራዮቹ ተማሪዎች ውጪ ልብስ ያጥባሉ። ምስሉ ተንቀሳቀሰ። ልዑልቃል ራሱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ መጣ።

ኪዳነ ማርያም ያለቅሳል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አላለቀሰም። ሌላ ነገር አየ። ያቺ ኡዘይርን ያስመሰገነች ረጅም ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ረዝማ ነበር። አንዳንዴ በጣም ትፈጥናለች፤ አንዳንዴ ወደ ውጪ ትጎብጣለች። ለሌላ ሰው ብትላክ ኖሮ ያኔም ብቻዋን ትወጣ ነበር። ልዑልቃል ግን ይደርስባታል፤ ከደረሰባት ደግሞ ተመልካቹ "እንዴት ያለች ማቀበል!" ይላል። ያን ዓመት ያመሰገኑት አንድ ሰው ነበር፤ ጨዋታው ግን የሁለት ሰው ነበር። አባቱ ሆኖ፣ አሠልጣኙም ሆኖ፣ ከሜዳው ዳር ቆሞ ሲያይ ይህ አልገባውም ነበር።

ከዚያ የአስተላላፊው ድምፅ ከፍ አለ። "ልዑልቃል! ልዑልቃል! ደረሰባት!"

ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ሸዋአየሁ ምስር ስታጥብበት የነበረው እጇ ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች። ባሏን አላየችም፤ ላፕቶፑን ነው ያየችው።

"ልዝጋው" አለ ኪዳነ ማርያም።

"ተወው።" መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። "መልሰው።"

መለሰው። ልጃቸው እንደገና ሮጠ። እንደገና ደረሰባት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመልሰው ሸዋአየሁ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ልጇን ሳይሆን ኳሷን ተከትላ ማየት ጀመረች።

"ይቺን ኳስ ዘንድሮ ማን ነው የሚያገኛት?" አለች።

"ማንም።"

"ኡዘይር አሁንም ይመታታል?"

"ይመታታል።"

"ታዲያ ለማን ነው የሚያቀብለው?"

ኪዳነ ማርያም ምስሉን ኳሷ ቀስ ባለችበት ላይ አቆመው። ውጪ ተማሪዎቹ ልብስ ሲያጥቡ ይሰማል።

"ለዚህ ነው ለካ" አለች። "ከጨዋታ ስትመለስ ፊትህ ወገግ ይል ነበር። እኔ ልጁን ረሳው ብዬ ስቀየምህ ከረምኩ።" ተነሥታ ወደ ጓዳ አመራችና በሩ ላይ ዘወር አለች። "እኔንም ውሰደኝ። ልጄ የሚመጣበትን ቦታ ብቻህን አታየውም።"

ሸዋአየሁ በሕይወቷ ስታዲየም ገብታ አታውቅም። ልጇ በሚጫወትበት ጊዜ እንኳ እንዳይሰበርባት ስለምትፈራ ቤቷ ሆና ነበር የምትጸልየው። የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳ ጨዋታ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው። ኪዳነ ማርያም አላምረውን አስፈቅዶ፣ ኡዘይርን ከላይ ሆኖ ሊመዝነው ወንበሩን ትቶ ከተመልካች መሐል ተቀመጠ። በሸዋአየሁ ሌላ ጎን ከወገራ የመጡ፣ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ነበሩ። ኳስ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ተጫዋቹን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ይመክራሉ።

የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ፤ ኳሷ አልመጣችም። ኪዳነ ማርያም የሚያየውን እያየ፣ ልቡ ግን ሚስቱ ዘንድ ነበር። ዛሬ ባትመጣስ? ይህን ያህል መንገድ አምጥቷት ልጇ ቢቀርባትስ? እንዲህ ብሎ ማሰቡ ራሱ አስደነገጠው።

ከዕረፍት በኋላ ኡዘይር መሐል ላይ ተቀበለ። ጀርባውን ሰጠ። ዞረ። ኪዳነ ማርያም ሳያስበው የሚስቱን ክንድ ያዘ። ኳሷ ተነሣች፤ በሰው ሁሉ ራስ ላይ አለፈች፤ ቀኝ ጥግ አጠገብ አንዴ ነጥራ ቀስ አለች።

ሕዝቡ አፏጨ። ሽማግሌው በጋቢያቸው ላይ ጉልበታቸውን መቱ። "ምነው! ምነው ይኼ ልጅ! ለሙት ነው እንዴ የሚያቀብል?"

ሸዋአየሁ ዓይኗን ከጥጉ አልነቀለችም። "አዎ አያ፣ ለልጄ ነው" አለች።

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩዋት። ነጠላዋን አዩ፤ ጥቁር ቀሚሷን አዩ፤ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ፊት አዩ። ከወገራ እስከ ጎንደር ያን አደጋ ያልሰማ የለም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ጨዋታው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ወደ ማራኪ በእግራቸው ተመለሱ። መንገዱን ሲያጋምሱ ሸዋአየሁ ቆም አለች።

"አየሁት" አለች።

"ልዑልን?"

"ኡዘይርን። ሰው ሲያፏጭበት ፊቱን አየኸው? እኔ አየሁት። ያን ልጅ በሰው አፍ እያስበላነው ነው፣ ኪዳኔ።"

"እኔ ምን አደረግሁ? ራሱ ነው የሚመታት።"

"አውቀህ ዝም ብለሃል። የሞተን ልጅ በሰው ልጅ እግር ማቆየት ግፍ ነው። እሱም እናት አለችው።" ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። "እኔም ብሆን፣ በየሳምንቱ እየሄድኩ ባየው እመርጣለሁ። እዚያ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ነው የፈራሁት።"

በሚቀጥለው ረቡዕ ራሷ ለኡዘይር ደወለችለት። "ምሳ ሠርቻለሁ" አለችው እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ኡዘይር መጣ። ከአርባው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ብዙ ቆየ። ከስቷል። ሽሮው ቀረበ፤ እንደ ድሮው አልጠረገውም፤ እየቆረሰ ይተወዋል።

ኪዳነ ማርያም እንዴት እንደሚጀምር አሰላስሎ ነበር፤ ሲደርስ ግን የወጣው የለመደው ጥያቄ ነው። "ኡዘይር፣ ያቺን የቀኟን ኳስ ስትመታ ምን አይተህ ነው?"

ልጁ እጁ ገበታው ላይ ቀረ።

"አላይም፣ ጋሼ" አለ። "እሰማለሁ እንጂ። ስዞር የእግሩን ዳና እሰማዋለሁ። በቀኜ በኩል፣ ከኋላዬ፣ ሲያልፈኝ። ስሰማው ኳሷ ሄዳለች። ልመልሳት አልችልም። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይ ማንም የለም፤ ሰው ያፏጫል።" የያዘውን ቁራሽ አስቀመጠ። "እዚህ ቤት ያልመጣሁት ለዚህ ነው። እትዬን ፊት ለፊት አይቼ እንዴት እላታለሁ? እኔ ስበላ ነው እሱ የሄደው። ብላልኝ ብሎኝ ነው የሄደው።"

ኪዳነ ማርያምን በውስጡ አንድ የሚያሳፍር ቅናት ተሰማው፤ ይህ ልጅ የልዑልቃልን እግር ይሰማል፣ እሱ አባቱ ግን ሣር ብቻ ነው ያየው።

"ላቆም ሞክሬያለሁ" አለ ኡዘይር። "ግን ደግሞ እፈራለሁ። ካቆምኩ በኋላ ባይመጣስ?"

"እኔም የፈራሁት ይኼንኑ ነው" አለ ኪዳነ ማርያም። ዓመቱን ሙሉ ለማንም ያልተናገረውን ያኔ ነገረው፤ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ እንዴት ጫፍ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ሕዝቡ ሲያፏጭ እሱ በልቡ እንዴት ደስ እንደሚለው። ልጁ ራሱን ቀና አድርጎ አየው። ከነሐሴ ወዲህ አልወጣ ያለው እንባ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሸዋአየሁ አልከለከለችውም። እስኪበቃው አልቅሶ ዝም ሲል፣ ከፊቱ ያለውን እንጀራ ቆርሳ አጎረሰችው።

"ስማኝ ልጄ" አለች። "አክስትህ ባትይዝህ ኖሮ እኔ ሁለት ልጅ ነበር የምቀብረው። እናቱ እኔ ነኝ፤ ልፍታህ ብል እችላለሁ። ፈትቼሃለሁ። ሲመጣ ስማው፤ አትከልክለው። ኳሷን ግን ለቆመው ሰው ስጥ።"

በማግስቱ ኪዳነ ማርያም አላምረው ቢሮ ገብቶ ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገረው። ያምናው ምስጋና የሁለት ሰው እንደነበር፣ ልጁ ዘንድሮ በምን በምን እንደተሻለ፣ ያቺ ኳስ ለማን እንደምትሄድ፣ እሱም አውቆ ዝም እንዳለ። አላምረው አገጩን ይዞ አዳመጠው።

"ላሰናብተው ወስኜ ነበር" አለ ሲጨርስ። "ልጁ ተጫዋች ነው ትለኛለህ?"

"ተጫዋች ነው። ከዚህ ሜዳ ላይ ግን አንሣው። ውሉን አድስና ለአንድ ዓመት በውሰት ላከው። ያን ጥግ ሲያይ አይውልም።"

እንደዚያው ሆነ። መስከረም ላይ ኡዘይር ቆላ ወዳለ፣ ማንም ወደማያውቀው ክለብ ሄደ። ሲሰናበት ሸዋአየሁ ስንቅ ቋጠረችለት፤ ኪዳነ ማርያም አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘው።

አዲሱ የውድድር ዓመት ጎንደር ላይ ሲጀመር ኪዳነ ማርያም ከወንበሩ ጫፍ ላይ አልተቀመጠም፤ አላምረው አጠገብ ሆነ። ዓይኑ ግን አልታዘዝ አለው። ወደ ቀኝ ጥግ አንድም ኳስ ብቻዋን ሳትንከባለል ጨዋታው አለቀ። ፋንታሁን ኳስ እግሩ ሥር መጥታለት ግብ አገባ፤ ስታዲየሙ ተናወጠ፤ ኪዳነ ማርያም ከሁሉም ዘግይቶ ተነሣ። ልጁ ዳግመኛ የተቀበረ መሰለው፤ አሁን ግን ድንኳን የለም፣ እግዜር ያጥናህ የሚል ሰውም የለም። ቤት ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ነበረች።

"አልመጣም" አላት።

"እኔም አልጠበቅሁትም" አለች። ውሸቷን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ከቆላው ግን ደህና ወሬ ይመጣ ነበር። ኡዘይር እንደ ምትሃተኛ ሳይሆን እንደ ጎበዝ አማካይ ይጫወታል፤ ስሙን ማንም ባጃጅ ላይ አይጽፍለትም፤ ቡድኑ ግን ያለ እሱ አይወጣም። የጥምቀት እንግዳ ከጎንደር በተበተነ ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለ።

"ጋሼ፣ ትናንት መጣ" አለ።

ኪዳነ ማርያም ከተቀመጠበት ተነሣ።

"እዚህ ሙቀት ውስጥ፣ በማያውቀው ሜዳ። በቀኜ በኩል፣ እንደ ድሮው።"

"አንተስ ምን አደረግህ?"

"ቀና ብዬ አየሁ። ግራው ላይ ጓደኛዬ ባዶ ነበር፤ ለእሱ ሰጠሁት።"

"እሺ፤ ደግ አደረግህ።"

"ግን አልቆመም፣ ጋሼ። ኳስ ባልሰጠውም አልቆመም። ዳናው እስከ ጥጉ ድረስ ሲሄድ ሰማሁት።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኪዳነ ማርያም እንደቆመ ቀረ። ሸዋአየሁ ከጓዳ ብቅ ብላ "ኡዘይር ነው? ምን አለህ?" አለችው። ሊደብቃት አስቦ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን እንደሰማው ነገራት። ራሷን በበሩ መቃን ላይ አስደግፋ አዳመጠችው።

"ይሩጥ" አለች። "ልጄ ቢሰጡትም ባይሰጡትም መሮጥ ይወዳል።"